የምርጫ ቀን በዩኒቨርሲቲ ከተማ፦ ከሰልፉ ወጥተው የሄዱትን ማን ይቆጥራቸዋል?

የግቢ ልጅ (ክሩን የጀመረው)

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

ጥቅምት 29 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 8 ቀን 2022፣ በሚሺጋን ግዛት በምትገኝ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ከተማ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጠሁ። ሰልፍ የያዝኩት ከቀኑ በ10 ሰዓት ነው፤ ወረቀቴን ያስረከብኩት ደግሞ ከምሽቱ በ3 ሰዓት ተኩል ነው። (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ከዚህ በኋላ ዓመቱን ግን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) በማግስቱ እንደ እኛ ያሉ ሰልፎች ፎቶግራፍ በየቦታው ተሰራጭቶ «ወጣቱ ነቅቷል» እየተባለ ሲወደስ ደስ አለኝ፤ ግን አብሮ አንድ ቅሬታ በውስጤ ቀረ። ቅሬታዬን እስከ ዛሬ ለማንም በአግባቡ አስረድቼ ስለማላውቅ እዚህ ልጽፈው ወሰንኩ።

ቤተሰቤ በዲቪ ወደዚህ አገር ሲመጣ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዜግነት ያገኘሁት በወላጆቼ በኩል ነው። በመራጭነት የተመዘገብኩትም በእነርሱ ቤት አድራሻ ሲሆን፣ ያ ቤት ከምማርበት ከተማ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። የምኖረው፣ ኪራይ የምከፍለው፣ የምሠራው፣ ስታመምም የምታከመው ግን በዩኒቨርሲቲው ከተማ ነው፤ ስለዚህ ምዝገባዬን ወደዚያ ማዛወር ነበረብኝ። አስቀድሜ አለማድረጌ የእኔ ጥፋት ነው፤ የሚድ ፈተና ላይ ነበርኩና ቀኑ ሳላስበው ደረሰ።

ሚሺጋን ከ2018ቱ ሕዝበ ውሳኔ ወዲህ እስከ ምርጫው ዕለት ምሽት 2 ሰዓት ድረስ መመዝገብን ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ለምርጫው 14 ቀን ብቻ ከቀረው በኋላ የሚመዘገብ ሰው የነዋሪነት ማረጋገጫ ይዞ በአካል ወደ ከተማው ጸሐፊ ጽሕፈት ቤት ወይም ጽሕፈት ቤቱ ወደ ከፈተው ቅርንጫፍ መሄድ አለበት፤ በየሰፈሩ ባለው የምርጫ ጣቢያ ምዝገባ አይካሄድም። በዩኒቨርሲቲ ከተማ ይህ ምን እንደሚያስከትል አስቡት። ተማሪ በየዓመቱ ቤት ይቀይራል፤ ዘንድሮ ዶርም፣ ከርሞ ከጓደኞቹ ጋር የተከራየው ቤት፣ በሦስተኛው ዓመት ሌላ ሰፈር ይሆናል። አድራሻው በተቀየረ ቁጥር ምዝገባውም መስተካከል አለበት። ስለዚህ በየሰፈሩ ያሉት ጣቢያዎች ቀዝቀዝ ብለው ሲውሉ፣ አድራሻው ያልተስተካከለለት ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወይም ሁለት በር ይጎርፋል። ከመንገዱ ማዶ ባለው ጣቢያ ቤታቸውን ከያዙ 20 ዓመት የሆናቸው ሰዎች ገብተው በአሥር ደቂቃ ሲወጡ እያየሁ ነበር የቆምኩት።

ሰልፉ ከሕንጻው ወጥቶ፣ ሣሩን ዞሮ እስከ ብስክሌት ማቆሚያው ደርሶ ነበር። ብርዱ እየጠና ሲመጣ አንዳንዱ ከዶርሙ ብርድ ልብስ አስመጣ። ከፊቴ የነበረችው ልጅ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ደብተሯን ታጠና ነበር። ሁላችንንም ያስጨነቀን የስልክ ባትሪ ነው፤ ብዙዎቻችን የነዋሪነት ማረጋገጫችንን፣ ማለትም የባንክ መግለጫውን ወይም የመብራት ሒሳቡን፣ የያዝነው በስልካችን ላይ ስለነበር ስልኩ ከጠፋ ማረጋገጫውም ይጠፋል። ልክ 2 ሰዓት ሲሆን አንድ ሠራተኛ መጥቶ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆመና «እስከዚህ ያላችሁ ሁሉ ትመርጣላችሁ፤ ማንም እንዳይሄድ» አለን። እነዚያን ሠራተኞች አመሰግናቸዋለሁ፤ ከማለዳ ጀምሮ ቆመው ውለው አንድም ሰው ሲያመናጭቁ አላየሁም።

ከዓይኔ የማይጠፋው ግን ሌላ ነገር ነው። በአካባቢዬ ከቆሙት ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ከሰልፉ ሲወጡ ቆጥሬአለሁ። አንዷ ከምሽቱ 1 ሰዓት የካፌ ሥራ ነበረባት፤ አለቃዋ ዘንድ ደውላ እንዲታገሳት ስትለምነው ሰማሁ፤ ከዚያ ምንም ሳትናገር ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። ሌላው ፈተና ነበረው። ከመካከላቸው አንድም ሰው «ምርጫ አያገባኝም» ብሎ አልወጣም። የቆምነው ተቆጠርን፣ ተመሰገንን፣ ፎቶ ተነሣን። እነርሱ ግን በማግስቱ «ወጣቶች አይመርጡም» በሚባለው ቁጥር ውስጥ ነው የገቡት።

ስለ ወረቀቱም ልጨምር። በሁለቱም ገጽ የተሞላ ነበር። ከገዥዋና ከሦስቱ የሕዝበ ውሳኔ ጥያቄዎች ሌላ የሦስቱ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የቦርድ አባላትም ይመረጡበታል፤ በሚሺጋን እነዚህን የሚመርጠው የግዛቱ ሕዝብ በቀጥታ ነውና። የትምህርት ክፍያን የሚወስኑ ሰዎች የሚመረጡበትን ወረቀት ለመቀበል አምስት ሰዓት ተኩል የቆመው ከፋዩ ተማሪ መሆኑ እስከ አሁን ያሳስበኛል። ክቦቹን አጥቁሬ፣ ወረቀቱን በፖስታው ከትቼ፣ ፈርሜ ሰጠሁ።

በእንደዚህ ያለ ከተማ የመረጣችሁ፣ ወይም በምርጫ አስፈጻሚነት የሠራችሁ ካላችሁ ያያችሁትን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መንዶታ ዳር

ወንድሜ፣ ያነሣኸው ጉዳይ በቀጥታ ይመለከተኛል። እኔ በማዲሰን፣ ዊስኮንሲን፣ ላለፉት በርካታ ምርጫዎች በአስፈጻሚነት ሠርቻለሁ፤ የተመደብኩበት ጣቢያ መራጮች በአብዛኛው ተማሪዎች ናቸው።

የእኛ ግዛት አሠራር አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለው። ዊስኮንሲን ከ1976 ጀምሮ ሰው በምርጫው ዕለት እዚያው በራሱ የምርጫ ጣቢያ እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጠረጴዛ እንዘረጋለን፦ አንዱ ስማቸው በመዝገብ ላለ፣ ሌላው ለአዲስ ተመዝጋቢ። ጫናው በከተማው ጣቢያዎች ሁሉ ስለሚከፋፈል አንድ በር ላይ አይከማችም። ሰልፍ አይኖርም ማለቴ አይደለም፤ ትምህርት የሚያልቅበት ሰዓት ላይ በጣም ይረዝማል። ሰልፉን የሚያዘገየው ግን ድምፅ መስጠቱ ሳይሆን ምዝገባው መሆኑን ስለምናውቅ ሰው የምንጨምረው በምዝገባው ጠረጴዛ ላይ ነው።

የእኛም አሠራር የራሱ ችግር አለው። ለመምረጥ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያስፈልጋል፤ የተማሪ መታወቂያ ተቀባይነት የሚኖረው ደግሞ የተሰጠበት ቀን፣ ከተሰጠበት ሁለት ዓመት ያልበለጠ የማብቂያ ቀንና ፊርማ ሲኖረው ነው። ተማሪው በየቀኑ ዶርም የሚገባበት ካርድ ይህን ስላላሟላ ዩኒቨርሲቲው ለምርጫ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ካርድ በነጻ መስጠት ነበረበት። ይህን ሳያውቅ መጥቶ ካርዱን በኩራት ዘርግቶ የሚሰጠኝን ልጅ «ይህ አይሠራም» ማለት ከሥራው ሁሉ የሚከብደኝ ነው። ብዙዎቹ ሮጠው ሌላውን ይዘው ይመለሳሉ። የማይመለሱም አሉ። አንተ የቆጠርካቸውን ዓይነት ሰዎች እኔም አውቃቸዋለሁ፤ ፊታቸውን አስታውሳለሁ።

ነዋሪው

ልጄ፣ ጽሑፍህን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ትዕግሥትህንም አደንቃለሁ። ሆኖም ሌላውን ወገንም ልትሰማ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

እኔ በሌላ ግዛት በምትገኝ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ከ20 ዓመት በላይ ኖሬአለሁ። የተማሪዎቹ ምግብ በሚዘጋጅበት ወጥ ቤት ሠርቼ፣ ትንሽ ቤት ገዝቼ፣ ሦስት ልጆች አሳድጌበታለሁ። በከተማችን የንብረት ግብርን ከፍ የሚያደርግ ጥያቄ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ሲጸድቅ የግብሩ ወረቀት በየዓመቱ መጥቶ ቤቴ የሚደርሰው ለእኔ ነው። ተማሪው መርጦ በአራት ዓመቱ ተመርቆ ይሄዳል፤ እኔ ግን እርሱ የመረጠውን ግብር 20 ዓመት እከፍላለሁ። ተማሪ አይምረጥ አላልኩም፤ ፕሬዚዳንቱንና ምክር ቤቱን ይምረጥ። ነገር ግን የወላጆቹ ቤት ባለበት ቢመርጥ ምን ይጎድልበታል? የሚመለስበት አገር እያለው በእንግድነት የተቀመጠበትን ቤት ጉዳይ መወሰን አለበት? ይህን የምለው በቅንነት ነው።

የግቢ ልጅ

ጋሼ፣ በቅንነት እንደጠየቁኝ በቅንነት ልመልስ።

በመጀመሪያ፣ ተማሪ የንብረት ግብር አይከፍልም የሚባለው ከወረቀቱ አንጻር እንጂ ከኪሱ አንጻር እውነት አይመስለኝም። አከራዬ ግብር ሲጨምርበት የከርሞው ኪራይ ውስጥ ያስገባዋል። እኔ ስወጣ ደግሞ ሌላ ተማሪ ይገባና እርሱ ይከፍላል፤ ተማሪው ይቀያየራል እንጂ የተማሪዎቹ ሰፈር ለ20 ዓመትም ለ50 ዓመትም እዚያው ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ይበልጥ ይከብዳል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ከ1950 ጀምሮ የኮሌጅ ተማሪን የሚቆጥረው በሚማርበት ከተማ ነው። ከተማዋ የፌደራል ገንዘብ ሲደርሳት፣ የምክር ቤት ወንበርም ሲሸነሸን የእኔ ራስ ተቆጥሯል። ስቆጠር ነዋሪ፣ ስመርጥ እንግዳ ልሆን አልችልም።

ነገሩም ተከራክረውበት የተወሰነ ነው። የምርጫ ዕድሜን ወደ 18 ያወረደው 26ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1971 ጸደቀ፤ ለቬትናም ጦርነት በ18 ዓመቱ የሚመለመል ወጣት ድምፅ አልነበረውምና። ከዚያ በኋላ በቴክሳስ ዎለር አውራጃ የመራጮች መዝጋቢ የነበረው ባለሥልጣን ጥቁሮች በብዛት በሚማሩበት በፕሬሪ ቪው ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎችን በጥያቄ ወረቀት ያጣራ ጀመር፦ እዚህ ንብረት አለህ ወይ፣ ከተመረቅህ በኋላስ እዚሁ ትቀራለህ ወይ የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው። በ1979 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን አሠራር ሕገ ወጥ ያለውን የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ አጸናው። በ2008 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቀድሞ ድምፅ ለመስጠት ወደ 11 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጉዘዋል፤ የድምፅ መስጫው ቦታ የተከፈተው በአውራጃው ዋና ከተማ ነበርና።

እርስዎም እኔም ከሌላ አገር መጥተን ነው ነዋሪ የተባልነው። «ከዚህ ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ?» የሚለውን ጥያቄ አባቴ ስንት ጊዜ እንደተጠየቀው ስለማውቅ ይሆናል ነገሩ የሚያንገበግበኝ።

ኮሎምበስ ያለሁት

ስለ ሰልፍ ከተነሣ የኦሃዮን ታሪክ ማስታወስ ተገቢ ነው። በ2004ቱ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ኬንየን ኮሌጅ በሚገኝባት በጋምቢየር መንደር ለመላው መራጭ የተመደቡት ሁለት ማሽኖች ብቻ ነበሩ። ተማሪዎች አሥር ሰዓትና ከዚያ በላይ ቆመዋል፤ የመጨረሻው ሰው የመረጠው ሌሊት ወደ 10 ሰዓት ገደማ፣ ሊነጋ ሲል ነው። አንተ የመረጥክ ዕለትም አን አርበር ውስጥ የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች ሲጨርሱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ ነበር። ፕሬዚዳንት ኦባማ ያቋቋሙት የምርጫ አስተዳደር ኮሚሽን በ2014 ባወጣው ሪፖርት ማንም መራጭ ከ30 ደቂቃ በላይ መቆም የለበትም ብሎ መክሯል። ስለዚህ ረጅም ሰልፍ ሲታይ መጠየቅ ያለበት ስንት ሰው እንደመጣ ብቻ አይደለም፤ ስንት ጠረጴዛ፣ ስንት ማሽንና ስንት ሠራተኛ እንደተመደበም ነው።

የሕግ ተማሪዋ

ከርዕሱ ሳልወጣ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ በዚህ መድረክ ብዙ የግሪን ካርድና የተማሪ ቪዛ ባለቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ።

ምርጫ ሲቃረብ የመመዝገቢያ ቅጽ የያዙ በጎ ፈቃደኞች በየግቢው በር ይቆማሉ። ያገኙትን ወጣት ሁሉ «ተመዝግበሃል?» ይላሉ፤ ዜጋ መሆን አለመሆኑን ከፊቱ ሊያውቁ አይችሉም። ከእኛ ልጆች ደግሞ ለሰው እምቢ ማለት የሚያፍሩ አሉ። እባካችሁ፣ ዜጋ ካልሆናችሁ አትፈርሙ። በ1996 የወጣው ሕግ ዜጋ ሳይሆኑ በፌደራል ምርጫ ድምፅ መስጠትን ወንጀል ያደርገዋል፤ ከአገር ሊያስባርርም ይችላል። ለመመዝገብ ሲሉ ዜጋ ነኝ ማለትም ራሱን የቻለ ከባድ ጥፋት ነው። የዜግነት ማመልከቻውም ላይ «ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ አለ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ የሚቀርብላችሁን የመራጭነት ጥያቄም ሳታነቡ አትለፉት። በስሕተት የተመዘገበ ካለ ዝም ከማለት ይልቅ ሳይዘገይ የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ያማክር። አምስት ዓመት ጠብቆ ዜጋ ሆኖ መሰለፍ ይሻላል።

የሽሮ ሜዳ ልጅ

በእኛ አቆጣጠር የ1997ቱን ምርጫ አዲስ አበባ ውስጥ ነው የመረጥኩት። ግንቦት 7 እሑድ ነበር፤ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ጋቢውንና ነጠላውን እንደለበሰ በቀጥታ ወደ ጣቢያው መጣ። ሰልፉ ከዚህ ክር ሰልፍ አያንስም ነበር። በእኛ አገር በምርጫው ዕለት መመዝገብ የለም፤ አስቀድሞ ተመዝግቦ የመራጭነት ካርድ መያዝ፣ በምርጫ ክልሉም ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ስለዚህ ካርድ ይዞ የመጣ ሰው ተራውን ጠብቆ፣ ጣቱን ቀለም ተቀብቶ፣ ወረቀቱን ኮሮጆ ውስጥ ከትቶ ይወጣል። በ2013ቱም ምርጫ፣ ሰኔ 14 ቀን፣ ሰልፉ ስላላለቀ ምርጫ ቦርድ የመዝጊያውን ሰዓት ወደ ምሽቱ 3 ሰዓት አራዝሞ ነበር።

የወንድማችን ጽሑፍ አንድ ልዩነት አሳየኝ። በ1997 ከፊቴ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ከኋላዬ ጉሊት የሚሸጡ እናት ቆመው ነበር። ሰልፉ ረጅም ቢሆንም ለሁላችንም እኩል ረጅም ነበር፤ መምህሩ ቢደክማቸው እናቲቱም ይደክማቸዋል። እርሱ በነገረን ከተማ ግን ሰልፉ የተለየው ቤት የሚቀያይረው ለብቻው፣ ቤት ያለው ለብቻው ሆኖ ነው። በአሥር ደቂቃ የሚመርጠው ሰው የአምስት ሰዓቱን ሰልፍ ካልቆመበት እንዲስተካከል የሚጮኽበት ምክንያት አይኖረውም።

ነዋሪው

የሽሮ ሜዳው ወንድሜ የጻፈው ነገር አሳሰበኝ። እውነቱን ለመናገር እኔ ስመርጥ ከሩብ ሰዓት በላይ ቆሜ አላውቅም፤ የተማሪዎቹን ሰልፍ ከአውቶቡስ ውስጥ አይቼ «ዛሬ ምን ይታደላል?» ብዬ ያለፍኩበት ዓመት አለ።

ስለ ግብሩ ያልኩትን ሙሉ በሙሉ አልተውኩም፤ በየዓመቱ የሚከፍል ሰው ጭንቀት ለወጣት አይገባውም። የሕዝብ ቆጠራው ነገር ግን አላውቀውም ነበር፤ ተገቢ ክርክር ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። ታናሽ ልጄ በዚህ ዓመት ማዲሰን ትምህርት ጀምራለች። እዚሁ የተወለደች ዜጋ ናት፤ 18 ዓመቷን ይዛለች። የት መመዝገብ እንዳለባት ብትጠይቀኝ «ቤትሽ እዚህ ነው» አልኳት፤ እርሷ ግን ወደዚያ ታደላለች። በሁለቱም ቦታ መመዝገብ ትችላለች?

የግቢ ልጅ

ጋሼ፣ መምረጥ የምትችለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሚሆን ግን ምርጫው የእርሷ ነው። ስለ ዊስኮንሲኑ አሠራር ከእኔ ይልቅ እህታችን «መንዶታ ዳር» ታውቃለች።

እኔ ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገርዎ። እኔ በመረጥኩበት ዕለት የጸደቀው ሌላ ሕዝበ ውሳኔ በሚሺጋን ከምርጫው ዕለት በፊት ቢያንስ ለዘጠኝ ቀን በአካል መምረጥን ፈቀደ። በ2024 ምዝገባዬን በመስከረም አስተካክዬ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ፤ ወረቀቱን ራሴ ማሽኑ ውስጥ አስገብቼ ስወጣ 12 ደቂቃ አልሞላም። ያን ማክሰኞ የካፌ ሥራዋን ብላ የሄደችው ልጅ በዚያ ቅዳሜ መምረጥ ትችል እንደነበር እያሰብኩ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት። ስሟን አልጠየቅኳትም።

መንዶታ ዳር

ጋሼ፣ ልጅዎ ማዲሰን ውስጥ 28 ቀን ከኖረች እዚህ መመዝገብ ትችላለች። ሁለት ነገር ትያዝ፦ አንደኛው ፎቶ ያለበት መታወቂያ ነው፤ የዊስኮንሲን መንጃ ፈቃድ ከሌላት ፓስፖርቷ ይሠራል፤ አለዚያም ዩኒቨርሲቲው ለምርጫ የሚሰጠውን ካርድ ከወዲሁ ትውሰድ። ሁለተኛው አሁን ያለችበትን አድራሻ የሚያሳይ ሰነድ ነው፤ የባንክ መግለጫ ወይም የመብራት ሒሳብ ሊሆን ይችላል፤ በስልኳ ላይ ብታሳየንም እንቀበላለን። ስልኩን ግን ማታውኑ ሞልታ ትምጣ።

ከተቻላት ከምርጫው ዕለት በፊት ትመዝገብ። ካልተቻላት ጣቢያው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይከፈታል፤ ከክፍል በፊት ብትመጣ ሰልፉ አጭር ነው። የምዝገባው ጠረጴዛ ከመግቢያው በስተግራ ነው፤ እኔ ከተቀመጥኩበት ከደረሰች በአማርኛ ሰላም ትበለኝ።